የሩብ ሰዓት ሹመት

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ለሚወርድ ሰው ተበላ ሩቅ አይደለችም። የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። የአማርኛ ጆሮ ብቻ ያለው መንገደኛ ረዳቱ «ተበላ! ተበላ!» እያለ ሲጣራ «ምኑ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔም የመጀመሪያ ቀን ጠይቄ ተስቆብኛል። የአገር ስም በሌላ ቋንቋ ጆሮ አይሰማም ብለው መከሩኝና ዝም አልኩ። ቃሉ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል፤ ወደ በኋላ ላይ ያስፈልገኛል።

የሄድኩት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ነበር። መምህር ነው፤ ታሪክ ያስተምራል። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ሦስቱ ገንዘብ አዋጥተው የገዙት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አላቸው። ዊንዶውስ የሚባለው ከብዶት ሲያቃስት ስለከረመ አንሥተው ሊኑክስ ጫኑበት፤ ከሊኑክስም ኡቡንቱ የሚባለውን። ማሽኑ የጋራ ቢሆንም ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መግቢያ ስም፣ የየራሳቸው የይለፍ ቃልና የየራሳቸው ማኅደር አላቸው። አንዱ የሌላውን ማኅደር ከፍቶ ማየት አይችልም። በደሞዝተኛ ወንደላጤዎች ቤት እንዲህ ያለ ሥርዓት ማየቴ ራሱ አስገርሞኛል፤ ካልሲ ግን የጋራ ነው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ አለ። በየቀበሌው እየዞረ የሽማግሌዎችን ትረካ በድምፅ ቀርጿል፤ ስለ ካዎ ጦና ዘመን፣ ስለ ገባርነት፣ ስለ ጢሰኝነት። የሰማውንም በወላይትኛ ጽፎ አስቀምጧል። ከባልደረቦቹ አንዱ የቋንቋ መምህር ነውና ፊደሉን እንዲያርምለት ፈለገ። ሥራው ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን ከራሱ ማኅደር ወደ ባልደረባው ማኅደር መገልበጥ። ትእዛዙን ጻፈ፤ ማሽኑ «ፈቃድ ተከልክሏል» አለው። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ከለከለው።

«ጋሼ፣ ሱዱ ልበለው» አለኝ።

«በለው» አልኩ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው፤ ድምፁ ግን በለው የሚያሰኝ ነው።

ከፊት ለፊት «ሱዱ» የምትል ቃል ጨምሮ ያንኑ ትእዛዝ ጻፈው። ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀው። የማሽኑን ዋና የይለፍ ቃል ሳይሆን የራሱን ነው። ሰጠው። ፋይሎቹ በቅጽበት ተገለበጡ። «አሁን ለሩብ ሰዓት የማሽኑ ጌታ ነኝ» አለኝ እየሳቀ። «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያማ እንደገና ማንነቴን ይጠይቀኛል።»

ስለ ሹመት የማውቀውን ሁሉ ያስታወሰኝ ይህ ሩብ ሰዓት ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ከሥሩ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራውን ይፋ አደረገ። ሐሳቡን ግን የወረሰው ዩኒክስ ከሚባል ቀደም ያለ ሥርዓት ነው። ዩኒክስ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ተጀመረ። በዩኒክስ ግቢ ውስጥ ከሁሉም ተጠቃሚ በላይ የሆነ አንድ ተጠቃሚ አለ፤ ስሙ «ሩት» ነው፣ ሥር ማለት። ሩት ያሻውን ማኅደር ይከፍታል፣ ያሻውን ይጽፋል፣ ያሻውን ያጠፋል። የሚጠይቀው የለም። ሌላው ሁሉ ተከራይ ነው፤ ሩት የሁሉም ክፍል ቁልፍ ወገቧ ላይ የተንጠለጠለ አከራይ ናት በሉት።

ታዲያ ተራው ተጠቃሚ ከክፍሉ ውጪ የሚሠራው ሥራ ሲገጥመው ምን ያድርግ? የጥንቱ መፍትሔ አንድ ነበር። «ሱ» በሚባል ትእዛዝ ራሱን ወደ ሩት ይለውጣል። ለዚህ ግን የሩትን የይለፍ ቃል ማወቅ አለበት። አንዴ ሩት ከሆነ ደግሞ ራሱ ብድግ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ሩት ነው፤ ረስቶት ቡና ሊጠጣ ቢሄድም ሩት ነው። ችግሩ በብዙ ሰው በሚሠራበት ቦታ ይብሳል። አምስት ሰው ሥራ እንዲሠራ ለአምስቱም የአንዷን ሩት የይለፍ ቃል መንገር ነው። አንድ ቀን አንድ ነገር ጠፍቶ ይገኛል። ማን አጠፋው? ሩት። ሩት ማነው? አምስቱም ናቸው፤ ወይም ማናቸውም አይደሉም። በየመሥሪያ ቤታችን «ከበላይ አካል ታዘን ነው» የሚባለውን መልስ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልገውም።

በ1980 እ.ኤ.አ. ግድም በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር የተባሉ ሁለት ሰዎች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ሱዱ አሏት። ከዚያ በ1985 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ቅጂዋ ማንም እንዲጠቀምባት ተለቀቀ፤ ቆይታም ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረች። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶድ ሚለር የተባለ ሰው ሲንከባከባት ኖሯል። ኡቡንቱ በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደግሞ የሩትን በር ጭርሱን ቆልፎ ሥራው ሁሉ በሱዱ እንዲሆን አደረገ። የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት ከአገሩ ቋንቋዎች ነው።

የሱዱ ነገር ሲታይ ተራ ነው። አንድ መዝገብ አለ። መዝገቡ ላይ ማን፣ በየትኛው ማሽን፣ በማን ስም ሆኖ፣ የትኛውን ትእዛዝ መፈጸም እንደሚችል ተጽፏል። አንዱ ሁሉንም እንዲያደርግ ሊፈቀድለት ይችላል፤ ሌላው የወረቀት ማተሚያውን እንደገና ማስነሣት ብቻ። መዝገቡ ላይ ያለ ሰው ትእዛዙን ሲጽፍ ማንነቱን በራሱ የይለፍ ቃል ያረጋግጣል። የአከራይዋን ቁልፍ ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። ሥራው ሲያልቅ ሥልጣኑም ያልቃል። ቶሎ ሌላ ትእዛዝ ቢከተል እንዳይሰለቸው ለጥቂት ጊዜ ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል፤ በጥንቱ ልክ 5 ደቂቃ፣ በኡቡንቱ 15። የእህቴ ልጅ ሩብ ሰዓት ይቺ ናት። ደግሞም የተደረገው ሁሉ በሰውየው ስም ይመዘገባል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ የጻፈው ትእዛዝ እንዳለ። በብዙ ማሽኖች ላይ ሱዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራት ሰው አጭር ተግሣጽም ይደርሰዋል፦ የሰው ገመና አክብር፣ ሳትጽፍ አስብ፣ ሥልጣን ሲበዛ ኃላፊነትም ይበዛል የሚል። የንስሐ አባት ይመስላል።

«ሱ» የምትለዋ ቃል መጀመሪያ የበላይ ተጠቃሚ ማለት ነበረች ይላሉ፤ በኋላ ግን «ተተክቶ መሥራት» በሚል ትተረጎም ጀመር፤ ሩትን ብቻ ሳይሆን ማንንም መተካት ይቻላልና። ይህን ስሰማ ፈገግ አልኩ። እኛ ለዚህ ነገር ቃል ካገኘንለት ስንት ዘመናችን! እንደራሴ እንላለን። እንደ ራሴ። እሱ ያለው እኔ እንዳልኩት ይቆጠር፣ እሱ የቀጣው እኔ እንደቀጣሁት ይቆጠር። ከዚህ የተሻለ የሱዱ ትርጉም የሚያመጣ የመዝገበ ቃላት ሰው ካለ ይምጣ።

ቃሉ እያለን ግን ደቂቃውን አልቆረጥንለትም። በመስከረም 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ሲሻሩና ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ። ባለ ሙሉ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የትኛውን ትእዛዝ፣ ለስንት ጊዜ የሚል መዝገብ አልነበረም። እንደራሴው በ1921 ዓ.ም ንጉሥ፣ በ1923 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ሰውየው የአስተዳደር ችሎታ አልነበራቸውም እያልኩ አይደለም፤ ችሎታውማ ስለነበራቸው ነው። እያልኩ ያለሁት የውሰት ሥልጣን ድንበር ካልተጻፈለት ወደ ባለቤትነት ለመሻገር አሥራ አራት ዓመትም እንደማይፈጅበት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም የዚህን ነገር ሌላ ገጽ አይተውታል። ከስደት መልስ ጸሐፌ ትእዛዝ የነበሩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ማኅተሙን ያዙ። የንጉሡ ቃል በእሳቸው ብዕር ይጻፋል፣ በእሳቸው እጅ ይታተማል። ማኅተሙን የያዘ ሰው የሩትን የይለፍ ቃል እንደያዘ ነው፤ ደብዳቤው የደረሰው ባላገር ንጉሡ ያዘዙትን ከጸሐፊው ፈቃድ የሚለይበት ዘዴ ከየት ያመጣል? ነገሩ በ1947 ዓ.ም በሹም ሽር አለቀ፤ ጸሐፌ ትእዛዙ ተነሥተው ወደ አርሲ ገዥነት ተላኩ።

ሹም ሽር የጥንቱ መድኃኒታችን ነው። ሥልጣንን ከማጥበብ ይልቅ በድንገት መንጠቅ። ተሿሚው መቼ እንደሚነሣ አያውቅም፤ ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል። ተበላን ያስታወስኩት እዚህ ላይ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የስግብግብ ሰዎች ተረት ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ሳስበው ግን የቀኑን ማብቂያ የማያውቅ ሰው ሒሳብ ነው። ማብቂያው የማይታወቅ ሥልጣን ያስቸኩላል። የእህቴ ልጅ ሩብ ሰዓት ሲሰጠው ለምን አልበላም? ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም (ቢሆንም፣ የእህቴ ልጅ ነው)። ነገ ሲያስፈልገው ደግሞ እንደሚጠይቅና እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ዛሬ የሚያከማችበት ምክንያት የለውም። የጻፈው ሁሉ በስሙ እንደሚቀርም ያውቃል።

ሱዱ ቡፋሎ ውስጥ ስትጻፍ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ነበር? ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ጊዜያዊ! መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሥልጣን ሲይዝ በስሙ ላይ የለጠፋት ቃል ናት። የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መንግሥት ታወጀ ተብሎ ቃሏ የተነሣችው በ1979 ዓ.ም ማለቂያ፣ ጳጉሜ ላይ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የቆየ ጊዜያዊ። «ጊዜያዊ» እየተባለ የተወለደ ልጅ ድምፁ እስኪጎረንን ድረስ ጊዜያዊ ነበር። ያን ጊዜ የኖረ ሰው የሚያውቀው፣ በየቀበሌውና በየከፍተኛው እንዲሁ ጊዜያዊ የተባለ ሁሉ ዘላቂ ነበር፤ ጊዜያዊ የነበረው የሰው ሕይወት ነው።

ወደ ተበላ ልመለስ፤ ፋይሎቹን ገልብጠን ትተናቸዋልና።

የቋንቋ መምህሩ ማታ ገባ። ራት ከመድረሱ በፊት ትንሽ ልሥራ ብሎ ፋይሉን ከፈተ። ተከፈተለት። የመጀመሪያውን ገጽ ፊደል አረመ፤ ሊያስቀምጥ ሲል ማሽኑ እምቢ አለው። ማንበብ ይችላል፣ መለወጥ አይችልም። «የማን ፋይል ነው ይሄ?» ብሎ ዝርዝሩን አወጣ። ከየፋይሉ ስም ጎን የባለቤቱ ስም ተጽፏል፦ ሩት። ሁሉም፣ ከላይ እስከ ታች። ሩት፣ ሩት፣ ሩት።

የእህቴ ልጅ ጭንቅላቱን ያዘ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሊኑክስ ሕግ አዲስ ፋይል የሚሆነው የፈጠረው ነው። ግልባጭ ደግሞ አዲስ ፋይል ነው። በሱዱ ሲገለበጥ የገለበጠው እጅ የእህቴ ልጅ እጅ ቢሆንም ገልባጩ በሕግ ፊት ሩት ነው። ስለዚህ ዋናው የእሱ ሆኖ ቀረ፤ ግልባጩ ግን የእሱም የጓደኛውም ሳይሆን የሩት ሆነ። ሁለት ዓመት የለፋበት ጽሑፍ ጓደኛው ቤት ሲደርስ ባለቤቱ ወንበሩ ሆኖ ተገኘ። ማንም ክፉ አላሰበም። ማንም አልሰረቀም። የውሰት ሥልጣን የነካውን ነገር በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ ተፈጥሮው ነው።

እንግዲህ እዚያ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን አስቡት። በ1887 ዓ.ም ኅዳር ወር የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ገባ። ውጊያው ከደቡቡ ዘመቻዎች ሁሉ ከከበዱት አንዱ ነበር። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ የወላይታ መንግሥትም በዚያ አበቃ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት በመላው ደቡብ የታወቀው ነው። ወታደሩና ሹሙ ደሞዝ በብር የለውም፤ በምትኩ ገባር ይመራለታል። ገበሬው ለመንግሥት ሊከፍል የሚገባውን ለእሱ ይከፍላል፤ እህሉን ያስገባል፣ ጉልበቱን ይሰጣል፣ አጥሩን ያጥራል። ማደሪያ የሚባለው መሬትም እንዲሁ ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሰውየው በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ የሚያድርበት፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ የሚመለስ። በሐሳቡ ሱዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ለሥራው፣ በሥራው ዘመን ልክ።

በሰሜኑም ቢሆን አባቶቻችን ይህን ልዩነት አጥተውት አያውቁም። ጉልት ሌላ፣ ርስት ሌላ። ጉልት የሹመት ነው፣ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ ርስት የዘር ነው፣ ባላገሩ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው፣ ሹም ቢሄድ ቢመጣ የማይነቃነቅ። ባለጉልቱ ግብሩን ይበላል እንጂ አፈሩ የእሱ አይደለም። ይህን በመሰለ ንጹሕ ሐሳብ የጀመረ አገር ወላይታ ሲደርስ ምን ነካው? መሬቱ በቀላድ ተለካ። ዘመን በሄደ ቁጥር ማደሪያው ቀስ እያለ የባለማደሪያው የግል መሬት ሆነ፤ ሊመለስ የተሰጠው ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ጀመር። ቀድሞ ባለቤት የነበረው ገበሬ ገባር፣ ቀጥሎም ጢሰኛ ተባለ። ቦታው ያው ቦታ ነው፤ እንሰቱም ያው የአያቱ እንሰት። ከጎኑ የተጻፈው ስም ብቻ ተለወጠ።

በወላይታ ያለ ሽማግሌ ይህን ሲተርክ ስለ ዓመተ ምሕረት አይጨነቅም። የት ድንበር እንደነበረ፣ የትኛው ዛፍ ሥር አያቱ እንደሚቀመጡ፣ መቼ የሌላ ሰው ዛፍ እንደሆነ ነው የሚነግርህ። የእህቴ ልጅ ፋይል ይህንን ነው የያዘው፤ እሱው ራሱ ደግሞ ማታ በራት ሰዓት ባለቤቱ ተለውጦ ተገኘ።

ጢሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ያወጀው ያው ጊዜያዊው ነው፤ ያየነውን ክፉ ብንጽፍም ይቺን መሸሸግ አይገባም። ወላይታ ላይ ያ ቀን ምን እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን አዋጁ ስሙን ከባለርስቱ አንሥቶ በገበሬው ስም አልጻፈውም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ቀጠለ። ገበሬው ይጠቀማል፤ በኮምፒዩተሩ አነጋገር ማንበብና መጻፍ ተፈቅዶለታል፣ ከፋይሉ ጎን ያለው ስም ግን ሌላ ነው። ይህ ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ዛሬ አልጨርሰውም።

ስለ መገልበጥ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ አገር ግልባጭ የሚለው ቃል የተከበረ ነው። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም፤ አንዳንዱማ ከደብዳቤው የግልባጩ ዝርዝር ይረዝማል። ሊኑክስ ላይ «ሲፒ» የምትባለው ትእዛዝ ትገለብጣለች፤ ዋናው ባለበት ይቀራል። «ኤምቪ» የምትባለው ግን ታዛውራለች፤ ዋናው ከቦታው ይነሣል። ሁለቱም በሁለት ፊደል ይጻፋሉ። ሱዱ ከፊታቸው ከተቀመጠ የሚከለክላቸው የለም። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የመጽሐፎቻችንን ታሪክ ይይ።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲወድቁ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሰበሰበ። ንብረቱ በአሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ ይባላል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ በስፍራው ነበር። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት እዚያው ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይህ ማዛወር ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ብለው ጻፉ። ከሙዚየሙ አንድ ቅጂ ተመለሰላቸው። አንድ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ መጻሕፍቱ በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። መጽሐፉ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ወደ ደብሩ ይመለሳል። 9 ሺህ ያህል ብራና በዚህ መንገድ ተገለበጠ። በኋላ የደረሰውን ጦርነት፣ ስርቆትና ቃጠሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው በባለቤቱ እጅ ቀረ፤ ፎቶው ግን ለሊቃውንት ደረሰ። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን መርምረው ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እሳቸውም በ1968 ዓ.ም የጊዜያዊው ደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው ሲመጡ በጥይት ተመትተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። በ2013 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስ ያን ሁሉ ብራና ከኮሌጅቪል ሆነው አነበቡት።

ተበላ ላይ ያለው ችግር ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው፤ አንዲት ትእዛዝ ይፈታዋል። «ቻውን» ይሏታል፤ ባለቤት መለወጫ ናት። የፋይሉን ባለቤት ከሩት አንሥታ በባልደረባው ስም ትጽፈዋለች። ነገር ግን እሷንም ለመጻፍ ሱዱ ያስፈልጋል። ባለቤትነቱን ያዛባው የውሰት ሥልጣን፣ ባለቤትነቱን የሚመልሰውም የውሰት ሥልጣን። ሩብ ሰዓቱ አልፎ ስለነበር ማሽኑ የእህቴን ልጅ እንደማያውቀው ሆኖ እንደገና የይለፍ ቃሉን ጠየቀው። ሰጠ። ዝርዝሩ እንደገና ወጣ። ሩት የሚለው ሁሉ ጠፍቶ የቋንቋ መምህሩ ስም ተተክቷል። የመጀመሪያው ገጽ እርማት ተቀመጠ።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ይቺ ሱዱ የምትሏት እሷ ራሷ ብትሳሳትስ?» አልኩት።

«ተሳስታ ታውቃለች» አለኝ። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ኳሊስ የተባለ የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ሱዱ ውስጥ ቀዳዳ አገኘ። በቀዳዳዋ በኩል መዝገቡ ላይ የሌለ ተራ ተጠቃሚ እንኳ ሩት መሆን ይችል ነበር። ቀዳዳዋ የገባችው በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ነው። አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል! ጽሑፉ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል፤ ግን አሥር ዓመት ያህል ማንም አላያትም ወይም ያየ አልተናገረም። ሲገኝ ግን ተጻፈ፣ ተነገረ፣ ተደፈነ፤ መቼ እንደገባችና የትኛው መስመር ላይ እንደነበረች ሳይቀር ታወቀ። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኡቡንቱ ደግሞ የድሮዋን ትቶ ረስት በሚባል ቋንቋ አዲስ የተጻፈችውን ሱዱ አስገብቷል። የድሮዋ ሥልጣኗን ስታስረክብ ጥይት አልተተኮሰም።

ራት ደርሶ ነበር። ዳጣውን ሦስተኛው ባልደረባ ነው የሚያዘጋጀው፤ እሱ የስፖርት መምህር ነው፤ ስለ ሱዱ ግድ የለውም። እስኪቀርብ ድረስ «መዝገቡን አሳየኝ» አልኩት የእህቴን ልጅ። ከፈተልኝ። እውነትም ሁሉም አለ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የገለበጠው በስሙ፣ ከነሰዓቱ። አሁን የለወጠው በስሙ፣ ከነሰዓቱ። ወደ ላይ ወደ ላይ እየሄድን ያለፈውን ሳምንት ደረስን።

የስፖርት መምህሩ ሳህን ይዞ ሲገባ በትከሻችን በኩል አየ። «ይሄ ምንድነው?» አለ።

ማሰሻ ትእዛዝ ነበር። ከእሱ ማኅደር አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ጨዋታ ክምችት ያጠፋ። መብራት ሲሄድ ነው የጠፋው ተብሎ ያመነው ክምችት። ትእዛዙ ከነሰዓቱ ተጽፏል፤ ከፊቱ ያለው ስም የቋንቋ መምህሩ ነው።

«ቦታ ሞልቶ ነበር እኮ» አለ የቋንቋ መምህሩ፣ ዓይኑን ከፋይሉ ሳይነቅል።

ሳህን የማጠቡ ተራ ለወር የእሱ እንዲሆን ተወሰነ።